እርድ የነካው ምላስ

ረቡዕ፣ መጋቢት 12

ንዴቴ አልበርድ ብሎኛል። ልጄ ማርታ «እማዬ፣ ሆድሽን ሲነፋሽ ዝም ብለሽ አትቀመጪ፤ የቻይና ባህላዊ ሕክምና እንሞክር» ብላ እዚሁ ሰው አገር አልትሽቴተን የሚባል ሰፈር አንድ ሐኪም ጋ ወሰደችኝ። ሰውዬው በዚህ ዕድሜዬ ምላሴን አስወጣኝ! አፍጥጦ አየና የሆነ ነገር አለ። ማርታ፣ «ምላስሽ ቢጫ ነው፤ ጨጓራሽ ውስጥ ሙቀት አለ፤ በርበሬ አቁሚ ይላል» ብላ ተረጎመችልኝ።

ምሳዬ እኮ አልጫ ነበር! እርድ የነካው ምላስ ቢጫ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? በርበሬማ ለሆዴ ብዬ ጾሙ ከገባ ጀምሮ አልቀመስኩም። ይህን ንገሪልኝ ብላት፣ «እማዬ፣ አታሳፍሪኝ» አለች። እኔ ነኝ አሳፋሪዋ?

ቤቴ እንደገባሁ በእልህ ደም የመሰለ ቀይ ምስር ወጥ ሠርቼ ጥርግ አድርጌ በላሁ። አሁን ሆዴ እንደ እሳት ይነዳል። ለማርታ ግን ብሞት አልነግራትም።