የእማዬ አፈር አይሰነጠቅም

ውድ እትዬ፣

ሰላምታዬ ከእኔ ቀድሞ ይድረስሽ። እኔ ፊቴን ይዤ መቅረብ ስላፈርኩ እሱ ይቅደመኝ። ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ? የምትንከባከቢያቸው አሮጊት አሁንም እህል በቀመስሽ ቁጥር ይጠሩሻል ወይስ እስክትውጪ ይታገሱሻል? የክፍልሽ መስኮት ተጠገነ ወይስ ዛሬም ካርቶን ለጥፈሽበት ነው የምትኖሪው? እኛ ከሞላ ጎደል ደህና ነን። አባባን ጉልበቱ ያመዋል እንጂ ሌላ የለበትም። ትንሿ እህታችን የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ በሩ እንደተረሳ ቤት ሆናለች፤ እንዲህ ስላት ደግሞ ትነክሰኛለች፣ በምን እንደምትነክሰኝ እንጃ። ደህና ነን ስልሽ እማዬ የሌለችበት ደህንነት መሆኑን አንቺው ታውቂዋለሽ። ጠዋት ጠዋት የሳሙና ሽታ የመጣ ይመስለኝና ብድግ እላለሁ፤ ከዚያ ትዝ ይለኝና መልሼ እተኛለሁ።

እትዬ፣ ዙሪያ ጥምጥም ልሄድ አስቤ ነበር፤ አልሆነልኝም። በብልቃጥ የላክሁልሽ አፈር ከእማዬ መቃብር የተወሰደ አይደለም። ከትምህርት ቤታችን ኳስ ሜዳ ዳር የዘገንኩት ነው። አባባ ይህን አያውቅም ነበር። እማዬ ከላይ ኮረብታው ላይ ነው ያረፈችው፣ እንደተማጸነችው። ለአባባ የጻፍሽለት ቃል ሁሉ ለእኔ የሚገባ ነበር።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። በቀብሩ ቀን ሬሳው ከወረደ በኋላ አባባ አካፋውን አንሥቶ አንድ ጊዜ አፈር አለበሳትና ለእኔ አቀበለኝ። የአካፋው እጀታ ከእሱ እጅ ሞቅ ብሎ ነበር። ጉድጓዱን ስመለከት ሳጥኑ ትንሽ ሆኖ ታየኝ፤ ያቺ ሁሉ እናታችን እዚያ ውስጥ ናት ብሎ ማመን አቃተኝ። አካፋውን ጣልኩና ቁልቁል ሮጥኩ። ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንዲት ሴትዮ ያዙት፣ ያዙት ስትል ሰምቻለሁ፤ ሌባ የሆንኩ ነው የመሰለኝ። እቤት ስደርስ የልብስ ማጠቢያውን ገንዳ ገልብጬ እሥሩ ገባሁ፣ በዚህ ቁመቴ። የኔን ድርሻ ማን እንዳለበሳት ጠይቄ አላውቅም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ወደ ኮረብታው ዝር አላልኩም። መቃብር ቆፋሪው፣ ያ ሰፈሩ በሙሉ ፍልፈል የሚለው፣ መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር ሯጩ ይለኛል። ክፋት የለበትም፣ ከሙታን ጋር ሲውል ለቀልድ የሚያገኘው ሰው ጥቂት ስለሆነ ነው። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ አንቺ ወዳለሽበት ከተማ ልትሄድ ስትል ከእናቴ መቃብር አንድ ጭብጥ አፈር ላኩልኝ ብለሽ የላክሽው መልእክት ሲደርሰን፣ አባባ ብልቃጡን አጥቦ ሰጠኝና ሂድ አምጣላት አለኝ። ሄድኩም። ኮረብታው ሥር ስደርስ ፍልፈል ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ሯጩ፣ ዛሬ ደግሞ ሽቅብ ነው እንዴ ብሎ ሳቀ። የመጣሁት ለሌላ ጉዳይ ነው አልኩትና ተመለስኩ። ኳስ ሜዳው ዳር ስደርስ ጎንበስ ብዬ ብልቃጡን ሞላሁት። አፈር ያው አፈር ነው፣ ማን ይለየዋል ብዬ።

የዚህ ሰፈር ልጅ ሆኜ እንዲህ ማሰቤ ራሱ ያሳፍረኛል። እዚህ የተወለደ ሰው ጫማ አይቶ ከየት እንደመጣህ ይነግርሃል፤ ከታች የመጣ ጥቁር ጭቃ ተሸክሞ፣ ከላይ የመጣ ቀይ አቧራ ለብሶ ነው የሚገባው። አንቺ ደግሞ በልጅነትሽ ያንን ቀይ አቧራ ስትታጠቢ ያደግሽ ነሽ። ብልቃጡን ከፍተሽ ጥቁር ስታዪ፣ የዘራሽበት አበባ ላይ ያፈሰስሽው ውሃ ቆሞ ሲሸት፣ ደግሞም ሲደርቅ እንደ ተረከዝ ሲሰነጠቅ፣ ወንዝ ዳር ያለው የታችኛው መቃብር ነው ብለሽ መደምደምሽ ምኑ ይገርማል? እኔም ብሆን እንደዚያው እደመድም ነበር። እማዬ ዕድሜዋን በሙሉ የሰው ልብስ ስታጥብ ኖራ፣ ጣቶቿ ተሸብሽበው፣ ስሞት እንኳ ከውሃ አውጡኝ፣ ደረቅ ቦታ አስተኙኝ ስትል አንቺም እኔም ሰምተናል።

ደብዳቤሽን ለአባባ ያነበብኩለት እኔ ነኝ። ዓይኑ ደክሟል፣ ታውቂያለሽ። ላይኛው ነው ብላችሁ ዋሻችሁኝ፣ ዳገቱን መሸከም ከብዷችሁ ከታች ውሃ ውስጥ ጣላችኋት፣ ከእንግዲህ አባት የለኝም ያልሽውን በራሴ አንደበት፣ በራሴ ድምፅ አነበብኩለት። ያን ጊዜ ብናገር ምን ነበረበት? አባባ እስከ መጨረሻው ሰማኝና ወረቀቱን እንዳጥፈው ነገረኝ። ሐዘን ነው የሚያናግራት፣ ልጄ ልክ ናት አለ። በዚያ ጉልበቱ ሳጥኑን እስከ ላይ ድረስ ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር። ማረፊያው ላይ ሌላ ሰው ሊተካው ሲል እምቢ አለ። ይህን አልነገረሽም፣ እኔም አልነገርኩሽም።

ከዚያ በኋላ ያንቺን ስልክ ደጋግሞ ሞከረ፤ አላነሳሽም። በትምህርት ቤት ደግሞ የጂኦግራፊ መምህራችን ፈተና አወጡ። ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቀው የትኛው አፈር ነው? በተዳፋት ላይ የሚገኘው ጥልቅ ቀይ አፈርስ ለምን ውሃ አይቋጥርም? ብለው ጠየቁ። ሁሉንም ጻፍኩ፣ ሙሉ ነጥብ አገኘሁ። መምህሩ ወረቀቴን አንሥተው ለክፍሉ ሲያነቡልኝ፣ እትዬ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ፤ ጥቁሩም ቀዩም ቢሆን ግድ አልነበረኝም።

ያን ሰሞን ያለማቋረጥ ዘነበ። አባባ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ጣሪያውን ሲያዳምጥ ሰነበተ። ዝናቡ ባባራበት ጠዋት ምርኩዙን አነሣና፣ ጉድጓዱን ያየሁት በእንባ ዓይኔ ነው፣ ከላይ ደርቆ ከሥር ውሃ ቢኖርስ? እህትህ ልክ ብትሆንስ? አለኝ። በገዛ ዓይኑ ያየውን በእኔ ውሸት መጠራጠር ጀመረ። ዳገቱን ሲወጣ ከኋላው ተከተልኩት፤ በየደረሰበት ቆም እያለ ጉልበቱን ሲያሽ እያየሁ።

ፍልፈል ከእማዬ መቃብር እልፍ ብሎ የሰፈራችን ሰዓት ጠጋኝ ሽማግሌ በቁማቸው ያዘዙትን አዲስ ጉድጓድ ከዝናቡ በፊት ቆፍሮ ኖሯል። አባባ የመጣበትን ሲነግረው ቆፋሪው ተቆጣ። ጋሼ፣ እዚህ ውሃ ፈልገህ ካገኘህ ሰፈሩ የቧንቧ ችግር ይቃለልለታል፣ አሁን ገብተህ እየው አለው። አባባ በጉልበቱ መውረድ አይችልም። ሁለቱም ወደ እኔ አዩ። ፍልፈል መሰላሉን ይዞ፣ ሯጩ፣ እዚህ ውስጥ ደግሞ መሮጫ የለም አለኝ።

ወረድኩ። ጉድጓዱ ከቁመቴ ይበልጣል፣ ግን ቀዩን አፈር አልጨረሰውም፤ ከዚያም በታች ያው ቀይ አፈር ነው፣ ዓለት የለው፣ ድንጋይ የለው። ከአፉ ላይ ጠቆር ያለ፣ የሣር ሥር የያዘው አፈር አለ፤ ከዚያ በታች ቀዩ ይቀጥላል፣ የት ላይ እንደተለወጠ ለይተሽ መስመር ልታሰምሪበት አትችዪም። ግድግዳውን ስነካው እንደ ለውዝ ፍሬ ትንንሽ ሆኖ ይፈረካከሳል፤ የእያንዳንዱ ፍሬ ገጽ በዘይት የታሸ ይመስል ያብለጨልጫል። ትል የሄደባቸው ቀጫጭን ቀዳዳዎች ሞልተውታል፤ ውሃው በእነሱ ነው ወደ ታች የሚሾልከው። እዚያ ከዳር ያለው የትልቁ ዛፍ ሥር እንኳ ሳይቸገር እዚህ ድረስ ወርዷል። ቀዝቀዝ ይላል፣ እርጥበት አለው፣ እንደታጠበና ሊደርቅ ጥቂት እንደቀረው ልብስ። ያን ሁሉ ዝናብ ጠጥቶ ግን አንድ ጠብታ አላቆረም።

አባባ ከላይ ሆኖ ውሃ አለ ወይ አለኝ። የለም አባባ አልኩት። እግርህን አሳየኝ አለኝ። አንዱን እግሬን አንሥቼ የጫማዬን ሥር አሳየሁት። ቀይ ፍርፋሪ እንጂ ጭቃ አልነበረበትም። አባባ ትንፋሹን ለቀቀ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኜ ሰማሁት። ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት። ፊቱን አላየሁም፣ ከላዩ ሰማይ ስለነበር ጥላው ብቻ ነው የሚታየኝ። ስለ ብልቃጡ ነገርኩት፣ ስለ ኳስ ሜዳው ነገርኩት። አባባ ምርኩዙን አስቀምጦ፣ ና ውጣ፣ እጅህን ስጠኝ አለኝ። ካወጣኝ በኋላም ወዲያው አልለቀቀኝም። ሊቆጣኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ለእህትህ አንተው ጻፍላት፣ እኔ ብጽፍላት ራሴን ያዳንኩ ይመስላታል አለኝ።

ልንመለስ ስንል ፍልፈል ወደ እማዬ መቃብር እያሳየ፣ አዲስ አፈር ከዝናብ በኋላ ይቀመጣል፣ ትንሽ ሰርጉዷል፣ ሙላው አለኝና አካፋውን ዘረጋልኝ። ሯጩ አላለኝም። የኔ ድርሻ እስካሁን ሲጠብቀኝ እንደቆየ ገባኝ። በዝግታ አለበስኳት፣ እትዬ። አባባ በአጠገቤ ቆሞ ነበር። ያን ቀን ያላለቀስኩትን እዚያው አለቀስኩት።

ከዚያው ከመቃብሯ የዘገንኩትን በእማዬ አሮጌ ሽርጥ ቁራጭ ቋጥሬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ቃሌን አትመኚ፣ መብትሽ ነው። ራስሽ ሞክሪው። ጨብጠሽ ልቀቂው፣ ይፈረካከሳል። አድርቂው፣ አይሰነጠቅም። ውሃ አፍስሺበት፣ ወደ ታች ይሄዳል እንጂ አይቆምም። ያኛውን ጥቁሩን ጣዪው፤ አበባሽን ግን ቶሎ አዛውሪው፣ እሱ ምን በወጣው። እኔን ይቅር እንድትዪኝ ገና አልጠይቅሽም። ለአባባ ግን ደውዪለት።

ልብስ ሰፊዋ ከአንቺ ዘንድ ተመልሳ የቋጠሮውን አፍ ስትሰፋልኝ ስንት ጊዜ ሰላም በላት እንዳለችኝ ክሩ ይመስክር። ትንሿ፣ ጥርሴ ሲበቅል ፎቶ እልክላታለሁ ብላለች፣ እስከዚያ ግን አፏን ዘግታ ሳመችሽ በልልኝ ትላለች። ፍልፈል እንኳ ሳይቀር፣ ለዚያች ልጅ እናቷ ደረቅ አልጋ ላይ ናት በልልኝ ብሏል። አባባ ሰላም በላት አለኝ፣ ሌላ አልጨመረም። ጉልበቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ደጅ ተቀምጧል፤ ስልኩን ለማንም አይሰጥም፤ ስትደውል እኔ ነኝ የማነሳው ይላል።

ያሳፈረሽ ወንድምሽ

ከቤታችን፣ ከኮረብታው ሥር
እሑድ፣ ዝናቡ ባባራ ማግስት