የአንተ መንገድና የሐርቡ መንገድ

ውድ ወንድሜ ከሊድ፣

ከሁሉ አስቀድመህ ይህን ተረዳ፤ ልጅህ ሀፊዝ ደህና ነው፣ የትም ቦታ አልተጎዳም፣ አልሐምዱሊላህ። ይህን ካወቅህ የቀረውን ተረጋግተህ ልታነበው ትችላለህ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከርመሃል? ያ የወገብህ ሕመም በብርዱ ተነሣብህ ወይስ ተወህ? ባለቤትህ ጣይባስ እንዴት ናት? እኛ ደህና ነን፤ የእኔ ጉልበት ብቻ ዳገቱን እምቢ ብሏል። በስልክ ብንነጋገር እንደምጮህብህ ስለማውቅ ጽፌዋለሁ፤ ባለቤቴ ሸሪፋ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች።

ባለፈው የሐርቡ ገበያ ቀን ሀፊዝ ሚኒባሱን ሞልቶ ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ ሲበር፣ የማሽላ አገዳ የተጫነች አህያ መንገድ አቋረጠች። ፍሬን ያዘ፤ አልደረሰም። አህያዋ እዚያው ሞተች። ባለቤቷ ገመዱን ይዛ ከኋላ ነበረች፤ ገመዱ ከእጇ ባያመልጥ ኖሮ ዛሬ የምጽፍልህ ስለ አህያ አይሆንም ነበር። ሽማግሌ ተቀምጦ ካሳው ተከፈለ፣ ሴትዮዋም አፉ ብላ ይቅር አለችው። እኔን ያንገበገበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው።

ቤት ሲመጣ በስንት ፍጥነት እንደነበር ጠየቅሁት። መቶ ሃያ አለኝ፣ ያለ ምንም ኀፍረት። ቀጥሎ ስልኩን አውጥቶ አንተ የላክህለትን ቪዲዮ አሳየኝ፤ አንተ መሪ ይዘህ ትስቃለህ፣ ቆጣሪው ሁለት መቶ ላይ ነው። «አባቴ ያለበት አገር ገደብ የለም፣ ሰውም አያልቅም፤ እዚህ ገደብ ሞልቶ ሰው ያልቃል። እንግዲህ ገደቡ ምን ሠራ?» አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ፊዚክስ ሳስተምር ብዙ የተሳሳተ መልስ አርሜአለሁ፤ እንዲህ አባቱን ምስክር የጠራ ተማሪ ግን አልገጠመኝም።

ያለውን እውነት አልክደውም። መንገድ ሠሪዎች ሥራ ጨርሰው ሲሄዱ ረስተውት የቀረ የሠላሳ ምልክት እስካሁን ጭው ባለ ሜዳ ላይ ቆሟል፤ የሚያከብረው አላየሁም። እንዲህ ያለው ምልክት የሚያስተምረው ሌሎቹንም መናቅን ነው። ይነሣ፤ ሜዳው ላይም ገደቡ ከፍ ይበል፣ አልከራከርም። ነገር ግን የአንተ መንገድ አጥር አለው፣ በእግሩ የሚገባበት ሰው የለም። የእኛው መንገድ ገበያም ነው፣ ከብት መንጃም ነው፣ የልጆች መጫወቻም ነው፣ ወደ መስጊድም ወደ ቤተ ክርስቲያንም መሄጃ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ተይዞ እስኪቆም ያለው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን አህያ እንድታውቅ አልጠብቅም፤ ሾፌር ግን ማወቅ አለበት።

በማግስቱ ወደ ኮምቦልቻ ልወርድ መናኸሪያ ሄጄ የእርሱው መኪና ውስጥ ገባሁ። እንደምታውቀው መኪናው ሳይነሣ በዕድሜ የገፋ ሰው ዱአ ያደርጋል፤ ተሳፋሪው ሁሉ መዳፉን ዘርግቶ እኔን ጠበቀ። እኔም ሀፊዝን፣ «የሐረጎን ቁልቁለት በዝግታ እወርዳለሁ በለኝና ዱአ አደርጋለሁ፤ አለዚያ ሽቅብ አላህን እየለመንኩ ቁልቁል አብሬህ አልበርም» አልኩት። እርሱ ግን መስታወቱን ማስተካከል ያዘ። ቲማቲም ነጋዴዋ ኡሙሰልማ ድሮ ተማሪዬ ነበረች፤ «መምህር፣ ያኔ ስናረፍድ ይገርፉን ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ካላረፈዳችሁ ሊሉን ነው?» ብላ ሰዉን ሁሉ አሳቀችው። ከዚያ ተሳፋሪዎቹ ከኋላ የተቀመጡትን ቄስ ትንሳኤን እንዲመርቁ ለመኗቸው። እርሳቸውም መምህሩ የያዙትን እኔ አልለቅም ብለው መስቀላቸውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱት።

ያለ ምርቃት መንገድ የሚጀምር የለምና ሰዉ አንድ በአንድ ወረደ። ምን ያደረጉ ይመስልሃል? ከኋላ ወደቆመው መኪና ገቡ፤ እዚያ አንድ ሌላ ሽማግሌ ምንም ሳይጠይቁ ዱአ አደረጉላቸው፤ ሾፌሩም ከሀፊዝ በባሰ ፍጥነት ይዟቸው ተፈተለከ። ኡሙሰልማ በመስኮት እጇን እያውለበለበች አለፈችኝ። እኔ፣ ቄሱና ልጅህ ባዶ መኪና ውስጥ ቀረን።

ከዚያ ወዲህ ሀፊዝ ቤት አልገባም፤ ኮምቦልቻ ጓደኛው ዘንድ ነው የሚያድረው። ለሸሪፋ ደውሎ አጎቴ በሰው ፊት አዋረደኝ ብሏታል። መንዳቱን ግን አልተወም፣ ፍጥነቱንም አልቀነሰም። ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል።

እኔን አይሰማም፤ አንተን ይሰማል። ለአረፋ መጥተህ ሳለ ያጫወትከኝን አስታውስ። ገደብ ከሌለው መንገድ ወጥተህ መንደር ስትገባ ፍጥነት ሳትቀንስ ተገኝተህ፣ መንጃ ፈቃድህን አንድ ወር ወስደውብህ፣ በአውቶቡስ ተጋፍተህ ሥራ ትመላለስ ነበር። ለሀፊዝ እንዳትነግረው ብለኸኝ ነበር፤ ቃሌን ጠብቄአለሁ። ስለዚህ ልጅህ ሁለት መቶውን እንጂ አውቶቡሱን አያውቅም።

ለጣይባ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የአህያዋን ነገር ግን ቀስ ብለህ ንገራት። ትንሿን ልጅህን ፊርደውስን ግንባሯን ሳምልኝ፤ የላከችው ሥዕል ግድግዳችን ላይ ነው። ሸሪፋ እጅግ አድርጋ ሰላም ብላችኋለች፤ ቄስ ትንሳኤም ስለ አንተ ጠይቀውኛል።

መጪው የሐርቡ ገበያ ሳይደርስ የአውቶቡሱን ነገር በገዛ ድምፅህ ለልጅህ ንገረው፤ መንገርህንም ቶሎ ጽፈህ አሳውቀኝ።

ወንድምህ እንድሪስ
ቧንቧ ውሃ፣ ደሴ
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.