የጎደሉት ሁለት ካልሲዎች

ውድ ወንድሜ ሊዮንጋ፣

ቦርሳህን ለዱዋላው ሾፌር ከመስጠቴ በፊት ይህን ወረቀት ከላይ አስቀምጬዋለሁ። ሌላውን ሳትነካ መጀመሪያ እሱን አንብብ። ዓርብ ቡኤያ ስትመጣ ፊት ለፊት ልነግርህ አስቤ ነበር፤ ግን ዓይንህን ሳይ አፌ እንደሚተሳሰር አውቀዋለሁ።

ባለፈው ዓመት ካልሲዎቹን የረሳኸው አንተ አይደለህም። እኔ ነኝ ያወጣኋቸው።

እንግዲህ ተናገርኩት።

ሞተር ብስክሌቱ ከጉልበትህ በታች እግርህን ከወሰደብህ ቀን ጀምሮ ፈሪ ሆኛለሁ። ሰው ሠራሽ እግርህን «አማቼ» እያልክ ስትቀልድ፣ «ዛሬ አማቼ ተቆጥቷል፣ በቀስታ ያዢው!» ስትል ከሰው ጋር እስቃለሁ፤ ውስጤ ግን ይርዳል። አንተ ደግሞ ብለህ ብለህ በተራራው ሩጫ ልሳተፍ አልክ! ሁለት እግር ያለው እንኳ በቃሬዛ በሚወርድበት! «አብደሃል እንዴ?» ስልህ ምን አልከኝ? «ኤፓሳሞቶ የሚባለው የተራራው ጌታ ግማሽ ሰው ግማሽ ድንጋይ ነው፤ እኔም ግማሽ ሰው ግማሽ ብረት። አንጣላም ባክሽ።» ኧረ በእሱ ይቀለዳል?

ስለ ካልሲዎቹ ያስተማርከኝ አንተው ነህ። መንገድ ሲበዛ የተቆረጠው እግርህ ጫፍ ይሟሽሻል፣ አማችህ ይሰፋሃል፤ ያኔ ሌላ ካልሲ ካልደረብክ ቁልቁለቱ ላይ ቆዳህን ይልጠዋል። አምስት ሸክፌልህ፣ አንተም ቆጥረሃቸው ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ግን ሁለቱን ወፍራሞች አውጥቼ ከድስቶቹ ጀርባ ደበቅኳቸው። ተራራው ላይ ካሉት ማረፊያ ጎጆዎች መጀመሪያው ላይ መጉደላቸውን ሲያይ ይመለሳል ብዬ ነው። ሞኝ! አንተን የማላውቅህ ይመስል።

በማግስቱ ጠዋት የቤተሰባችን ሽማግሌ ሞላ ኤፋንጌ ውሃ ይዘው መጡ። የቤታችንን ወግ ታውቀዋለህ፤ ሸኚው በሆዱ ያለውን ይናገራል፣ ከዚያ ውሃውን ተጉመጥምጦ ተጓዡ እግር ሥር ይተፋል፤ ነገር ደብቆ ውሃውን ከዋጠው ግን ተጓዡን ይጎዳዋል። «ነገር የያዘ አሁን ይተንፍስ» አሉ ሽማግሌው። አንተ እያየኸኝ ነበር። እኔ ምንም አልተነፈስኩም፤ ውሃውንም ዋጥኩት።

ከዚያ ሩጫው የሚያልቅበት ስታዲየም በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩህ። አሸናፊዎቹ ገቡ፣ ሽልማታቸውን ተቀበሉ፣ ደመናው ተራራውን ዋጠው። አንተ የለህም። ዓሣ ሻጯ ኢያ ንጎዎ «ወንድምሽ እዚያው ጎጆ ቀለሰ እንዴ?» ብላ ተሳለቀችብኝ። አንድ ሯጭ እያነከሰ ሲገባ ክንዱን ይዤ አይተኸዋል ወይ አልኩት።

«ባለ ብረት እግሩን? ከላይኛው ጎጆ በታች ተቀምጧል። ብረቱን አውልቆ ታቅፎታል፤ ደም በደም ሆኗል። ሰው እንጥራልህ ብንለው እምቢ አለ።»

ገደልኩት አልኩ። በገዛ እጄ ወንድሜን ገደልኩት። የዋጥኩትን ውሃ ላስመልስ ከአጥሩ ሥር ጣቴን ጉሮሮዬ ውስጥ ከተትኩ፤ ሰው አየኝ አላየኝ ግድም አልነበረኝ። ምንም አልወጣም።

አሥር ሰዓት አልፎ ብቅ አልክ። ሸሚዝህን ቀዳደህ እግርህ ላይ ጠምጥመህ፣ ደረትህን ለብርድ ሰጥተህ፣ እየተንገዳገድክ። የሕክምናው ድንኳን ውስጥ ነርሷ «ትርፍ ካልሲ ሳትይዝ ነው የወጣኸው? ምን ዓይነት ግድየለሽ ነህ!» ብላ ስትጮህብህ ቀና ብለህ እኔን አየኸኝ። ትክ ብለህ አየኸኝ።

«ራሴ ነኝ የረሳሁት» አልካት።

ገብቶሃል፣ አይደል? ይኸው ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅከኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ጭራሽ ደውለህ «እናንጋ፣ ዘንድሮም ቦርሳዬን አንቺው ሸክፊና ላኪልኝ፤ እዚህ ዱዋላ ልለማመድበት» አልከኝ። ስልኩን ዘግቼ እንዴት እንዳለቀስኩ!

ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፤ አልዋሽህም። ዛሬም ስሸክፍ እጄ ሦስት ጊዜ ወደ ካልሲዎቹ ተመለሰ። አምስቱም ቦርሳው ውስጥ ናቸው፤ ሁለቱ ወፍራሞች ከታች አሉ። ቅዳሜ ከሩጫው በፊት ሞላ ኤፋንጌ ውሃውን ሲያመጡ ይህንኑ በሰው ፊት ተናግሬ እተፋዋለሁ።

አንተ ግን ዓርብ እኔ ቤት ስታድር አትመነኝ። ቦርሳውን ተንተርሰህ ተኛ።

የምትሳሳልህ እህትህ
እናንጋ