ሶንጎ ላይ ያልተረጎምኩት

ዲላ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

የምትናፍቂኝ ልጄ ሄርሜላ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ሰሞኑን ውሸት ሰልችቶኛል። እናትሽ ጤንነቷ ደህና ነው፤ እኔን ካናገረችኝ ግን ዛሬ ሁለት ቀኗ። ቁርስ ታቀርብልኛለች፣ ብላ አትለኝም። ድንቅነሽ ስታኮርፍ ቤቱ ምን እንደሚመስል አንቺ ታውቂዋለሽ።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ስለምታቋርጪኝ ነው። በወረቀት ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክልሻለሁ፤ እስከ መጨረሻው ሳትቆጪ አንብቢው። በአራት ሰዓት ኮቸሬ ወረዳ፣ ሬኮ ቀበሌ መድረስ ስላለብኝ እጄ ይቸኩላል፤ ጽሕፈቴ ከተበላሸ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ነገሩ የሚስተር ሀርገን ነው፤ የአንቺን ትምህርት የሚከፍልልሽ ሰውዬ። ፋብሪካ ሊያቆም ሬኮ ላይ መሬት መጠየቁን ነግሬሽ ነበር። ቡናው ፀሐይ ላይ ሳይውል በእንፋሎት የሚደርቅበት ፋብሪካ ነው፤ ውኃ አፍልቶ እንፋሎት የሚሰጥ ትልቅ ቦይለር ይተከልበታል። የወረዳው ወረቀት አልቋል። የቀረው የሽማግሌዎቹ ቃል ነበር፤ መሬታቸውን የሚለቁት ሃያ ሁለት አባወራዎች ያለ እነሱ ቃል አንነሳም ብለዋል። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ አቶ ባርናባስ ደግሞ፣ «የሰውየውን ስም እናውቃለን፣ ሰውየውን አናውቀውም። ሶንጎ ይምጣና ማን እንደሆነ በራሱ አፍ ይንገረን» አሉ።

ሶንጎ ታውቂዋለሽ፤ ሽማግሌዎቹ በትልልቆቹ ዛፎች ሥር ተቀምጠው ነገር የሚያዩበት ቦታ። እዚያ አይዋሽም። አስተርጓሚው እኔ ስለነበርኩ ይህን ለሰውዬው በደንብ አስረዳሁት። እንዲያ እንዳስረዳው ማን እንዳስገደደኝ እንጃ! ጠበቃው ከአዲስ አበባ አብሮት መጥቶ ነበር፤ ያልተጠራ አይገባም ተብሎ መኪናው ጋ ቀረ። ዛፎቹ ሥር እንግሊዝኛ የምንሰማ ሚስተር ሀርገንና እኔ ብቻ ነበርን።

ማክሰኞ ዕለት ሰባ ዘጠኝ ዓመቱን ይዞ በርጩማ ላይ ተቀመጠና ተረከ። አባቱ ወንዝ ዳር ባለች ከተማ የፋብሪካ ምድጃ አንዳጅ ነበር። እሱ በአሥራ አራት ዓመቱ ብረት ማቅለጫ ቤት ገብቶ ወለል ይጠርግ ጀመር። በሃያ ስድስት ዓመቱ ከሌሎቹ በግማሽ ነዳጅ የሚሠራ የውኃ ፓምፕ ፈለሰፈ። ያንኑ የጠረገውን ፋብሪካ ሲከስር ገዛው፤ ከዚያ ሁለተኛ፣ ከዚያ ሦስተኛ። አራት ሺህ ሠራተኛ አስተዳደረ። ይህን ሁሉ ወደ ጌዴኦኛ ስመልሰው ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር፤ እኔም ደስ ብሎኝ ትንሽ ቅመም ሳልጨምርበት አልቀረሁም።

ከዚያ ሰውዬው ዓይኑን ጨፈነ። ድምፁ ዝቅ አለ። በሁለተኛው ፋብሪካ ሥራ ዘግይቶ፣ ደንበኛ እየጮኸበት ሳለ፣ የቦይለሩ እንፋሎት ሲበዛ የሚያስተነፍሰው ቫልቭ እየተከፈተ አስቸገረው። በገዛ እጁ በሽቦ አሰረው። በማግስቱ ጠዋት ቦይለሩ ፈነዳ። አሥራ አንድ ሰው ሞተ። ቫልቩን ያሰረው ከሟቾቹ አንዱ፣ የቦይለሩ ጠባቂ ነው ተባለ። ሀርገን ዝም አለ። የጠባቂው ሚስት የገዳይ ሚስት እየተባለች ከከተማው ወጣች። እሱም ለአርባ አንድ ዓመት ለማንም አልተናገረም። ኮቸሬ መጥቶ፣ በማያውቀው ዛፍ ሥር ተናገረው።

እኔ ምን ብዬ ተረጎምኩት መሰለሽ? «በሥራው ብዙ ችግር አይቷል፤ ሠራተኞች ሞተውበት በጣም አዝኗል።»

አቶ ባርናባስ ተገርመው፣ «ይህን ሁሉ ተናግሮ ይህችው ናት?» አሉኝ።

«እንግሊዝኛ ረጅም ነው» አልኳቸው።

ሰውዬው ያለቅስ ነበር። ሽማግሌዎቹ ዕንባውን አይተው፣ ለሠራተኛ የሚያለቅስ ጌታ መልካም ነው ተባባሉ። እርጥብ ሣር ይዘው ቆመው መረቁት። እሱ የመሰለው ሰምተው ይቅር ያሉት ነው። የአንዱን እጅ ይዞ አልለቅም አለ። እኔ መሬት መሬት አይ ነበር።

ስንወጣ አሰገደች መንገድ ላይ ጠበቀችኝ። ሬኮ እርጥብ ቡና የምትለቅም መበለት ናት፤ አስተምሬያታለሁ። ፋብሪካው ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ተቀጣሪዎች አንዷ ናት። «መምህር፣ ይሄ እንፋሎት የሚሉት አይፈነዳም ወይ? እርስዎ ሰምተውታል፣ ምን አለ?» አለችኝ።

«ምንም አላለም» አልኳት።

ሄርሜላዬ፣ የመጀመሪያውን ደንግጬ ነው ብዬ ራሴን ላታልል እችል ነበር። ይህኛውን ግን ረጋ ብዬ፣ ዓይኗን እያየሁ ነው ያልኩት። አመስግናኝ ሄደች። በዚያ ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለኝ።

ሐሙስ ሰውዬው ያረፈበት ሆቴል ሄድኩ። ፓፓያ እየበላ ነበር፤ ፊቱ ወጣት ሆኗል። ከአርባ አንድ ዓመት ወዲህ ሁለት ሌሊት ሙሉ የተኛሁት እናንተ አገር ነው አለኝ። ግን የተናገረውን እንዳልተረጎምኩት ነገርኩት።

ሹካውን አስቀመጠ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «እንግዲያው የመረቁት ሌላ ሰው ነው» አለ።

«ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ለፊርማው ይሰበሰባሉ፤ አብረን ሄደን እንናገር» አልኩት።

«አንድ ጊዜ ለመናገር ነው አቅም ያገኘሁት። ሁለተኛ የለኝም» አለና፣ «ለምን አደረግከው?» ሲል ጠየቀኝ።

መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ፋብሪካው ለአገሩ ሥራ ይፈጥራል፣ ያለፈ ነገር ምን ያደርጋል፣ የመሳሰለውን። ከአፌ የወጣው ግን የአንቺ ስም ብቻ ነበር። ወዲያው ገባው። «ልጅህ ታውቃለች?» አለኝ። አታውቅም አልኩት። በሩን አሳየኝ።

ለእናትሽ ስነግራት ጮኸችብኝ። «አርባ ዓመት ያለፈውን ሬሳ ቆፍረህ የልጄን ትምህርት ልትቀብር ነው? ሁለት ዓመት ነው የቀራት!» አለች። እውነቷን ነው፤ ሁለት ዓመት ነው የቀረሽ። የሚከፍለው ድርጅት በሰውዬው ልጆች እጅ ነው ያለው፤ አባታቸውን ያዋረደ ሰው ልጅ ናት ብለው ቢተዉሽ ምንም ልላቸው አልችልም። ይህን እያወቅሁ ነው ዛሬ የምሄደው። ብቻዬንም ቢሆን ለአቶ ባርናባስ እነግራቸዋለሁ። መሬቱን ይስጡት አይስጡት፣ ቦይለሩን ማን እንደሚተክል አውቀው ይወስኑ። አሰገደችም አውቃ ትግባ።

አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ይህ በአንቺ ምክንያት የመጣ አይምሰልሽ። አንቺ የተማርሽው በራስሽ ጭንቅላት ነው። መሬቱን ቢከለክሉት ክፍያሽ ይቋረጣል ብዬ የፈራሁት እኔ ነኝ። ባዶ እጅሽን ብትመለሺም ቤትሽ ነው፤ ግን እንድትመለሺ አልፈልግም፤ ይህንንም እውነቱን ልንገርሽ ብዬ ነው። በጣም ነው የምወድሽ፤ ፍቅሬ ግን የሌላ ሰው ልጅ የምትቃጠልበት መሆን የለበትም።

ቆይ፣ መኪና ቆመ።

እናትሽ አናገረችኝ። «ሰውዬህ በር ላይ ነው» አለችኝ። አዲስ አበባ ሄዷል ብዬ ነበር። ጠበቃው የለም፤ እሱና ሾፌሩ ፈለቀ ብቻ ናቸው። ፈለቀ የወናጎ ልጅ ነው፣ ጌዴኦኛ አፉን የፈታበት። ሰውዬው ትናንት ቀኑን ሙሉ ፈለቀን አስቀምጦ በጌዴኦኛ አራት ዓረፍተ ነገር ሲያጠና ውሏል። አሥራ አንድ ሰው ሞተ። ቫልቩን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ጠባቂው አይደለም። አስተርጓሚዬ አልነገራችሁም። ወረቀት ላይ በራሱ ፊደል ጽፎ ይዞታል፤ በመስኮት አየዋለሁ፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

እንድመጣ ጠይቋል፤ ለመተርጎም ግን አይደለም፣ ለመቀመጥ ብቻ ነው ብሏል ፈለቀ። ከእንግዲህ አያምነኝም። ልቀየምም አልችልም። አራተኛዋን ዓረፍተ ነገር ግን ከእሱ ላይ ወስጄ በራሴ አፍ እናገራታለሁ፤ እሷ የእኔ ናት።

እናትሽ ኮቴን በብሩሽ እየጠረገች ነው፤ ዓይኗ ቀልቷል። ስትደውዪላት አታስለቅሻት። እግዚአብሔር ከአባትሽ የበለጠ ወኔ ይስጥሽ፤ ከፊትሽ የሚቆመውን ሁሉ ቃልሽን የሚያምን ያድርግልሽ።

አባትሽ
ደመላሽ