ሁለት ክፍል ከነበረንዳው

ለምወድሽና ላሳደግሽኝ እህቴ

እታለም፣ እንደምን ከረምሽ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ልጆቹስ፣ ሱቁስ? እኔ ጌታ ይመስገን ጤነኛ ነኝ፤ ከጤናዬ በቀር ደህና የሆነ ነገር ግን የለኝም። በዚህ ዘመን በወረቀት መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። ነገሩን በስልክ ብጀምርልሽ መሃል ላይ ይቆረጣል፤ ባይቆረጥም እኔ እቆርጠዋለሁ። ስለዚህ በወልቂጤው ሚኒባስ ሾፌር እጅ ልኬዋለሁ። አደራሽን፣ ሱቅ ውስጥ ሰው ፊት እንዳታነቢው።

አንቺ የማታውቂው መኪና አለኝ። ያረጀ አባዱላ ነው። የኋላ ወንበሮቹን አውጥቼ አልጋ አስገባሁበት፤ ከአልጋው ስር ልብሴና የጋዝ ምድጃዬ አሉ፤ በጎን በኩል ኮምፒውተሬን የማኖርበት ጣውላ አለ። የሰው ቤት ፕላን የምሠራው እዚያ ላይ ነው። አከራዬ ቤቱን ለልጄ እፈልገዋለሁ ብላ ስታስወጣኝ ለአንድ ሳምንት ብዬ ገባሁበት፤ ይኸው ስምንት ወር ሆነኝ። ቡታጅራ ተከራየሁ ያልኩሽ ሁለት ክፍል ቤት፣ ከነበረንዳው፣ እሱ ነው። በረንዳው የኋላ በሩ ነው፤ ወደ ላይ ሲከፈት ጥላ ይሰጣል። የአቮካዶ ዛፉ ግን እውነት ነው፤ የሰው ግቢ ውስጥ ሆነ እንጂ።

ያማረረኝ መኪና ውስጥ መኖሩ አይደለም፤ ኔትወርክ ማሳደዱ ነው። ደንበኞቼ ፕላናቸውን የሚቀበሉት በኢንተርኔት ነው። ጥያ ስሆን ከመንገዱ በላይ ስቆም ይመጣል፣ ከመንገዱ በታች ስቆም ይጠፋል። ላይኛው ደግሞ የሰው ማሳ መግቢያ ነው፤ ባለማሳው በሬዎቹን እየነዳ በመጣ ቁጥር ሞተር አስነስቼ መንቀሳቀስ አለብኝ። ያን ጊዜ ዘጠና ሰባት በመቶ የደረሰው ፋይል ከዜሮ ይጀምራል። ዘጠና ሰባት! ሦስት ቀርቶት ሰው ላይ የሚቀልድ ነገር ምን ይባላል? ዋይፋዩን በፌስታል ጠቅልዬ ከመኪናው ጣሪያ በላይ ፖርቶመጋላው ላይ አስሬዋለሁ። ዝናብ ሲመጣ የታጠበ ልብሴን ትቼ እሱን ለማውረድ ነው የምሮጠው። አንዱ ደንበኛዬ መልእክቴ በሦስተኛው ቀን ሲደርሰው፣ ለካ በሌላ ሰው ፕላን መሠረቱን ቆፍሮ ጨርሷል።

መስቃን ስሆን የማድረው እማማ ከድጄ ግቢ፣ ከእንሰታቸው ጀርባ ነው። አቮካዶውም የሳቸው ነው። ስልኬን ወደ ሰማይ አንስቼ ግቢውን ስዞር ያዩኝና፣ ልጄ፣ እናንተ ጴንጤዎች ዱዓ የምታደርጉት በስልክ ነው እንዴ ይሉኛል። አንድ ቀን እንኳ ስቄላቸው አላውቅም፤ ሁልጊዜ እንደተናደድኩ ነው።

አሁን ወደ ቅዳሜው ልምጣ። ጋሽ ፊልጶስ በአባታችን ፈንታ ሽማግሌዎቹን ይዘው ሩትን ሊጠይቁልኝ አባቷ ቤት ሲገቡ፣ አንቺም በእናታችን ፈንታ አብረሻቸው ስትገቢ፣ እኔ እዚህ ሆኜ ልጁ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም የሚለውን ወግ ያወጣውን ሰው እያመሰገንኩ ነበር። አቶ በኃይሉ ግን ልጄ የምትገባበትን ቤት በዓይኔ ልየው፣ ጉልበቴ ቡታጅራ አያደርሰኝም፣ እስቲ በቪዲዮ ያሳየን አሉ። የጠየቁት ሀብት አይደለም፤ በርና መስኮት ነው። አንቺም ስለ በረንዳው አስቀድመሽ አውርተሽ ነበርና በኩራት ደወልሽ።

ሰባት ጊዜ ደወልሽ። በማግስቱ ስናወራ ኔትወርኩን ስትረግሚው፣ ወንድሜ ውሸት አያውቅም ብለሽ በሽማግሌዎቹ ፊት እንደመሰከርሽልኝ ስትነግሪኝ፣ እኔም አዎ፣ ኔትወርክ እኮ ነው አልኩሽ። የአገሩ ሰው ሁሉ የሚደበቅበት ቃል ነው፤ እኔም ገባሁበት።

እታለም፣ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቡታጅራ መናኸሪያው አጠገብ ቆሜ ነበር። ኔትወርኩ ሙሉ ነበር። በስምንት ወር ውስጥ እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ከጠዋት ጀምሮ እምቢ ያለኝ ፋይል እንኳ፣ አንቺ ለአራተኛ ጊዜ ስትደውዪ መቶ በመቶ ብሎ ሄደልኝ። ስልኩ አልጋው ላይ እየተንቀጠቀጠ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ እዚያም ሆኖ ጠራ። ካሜራውን ወዴት ባዞረው ግድግዳ ይመስላል ብዬ ዙሪያዬን አየሁ። ሥራዬ ቤት መንደፍ ነው፤ የትኛውም ጎን ግድግዳ አይመስልም። አፈርኩ። አንቺን እዚያ አቁሜ እኔ እዚህ አፈርኩ።

በአምስተኛውና በስድስተኛው ጥሪሽ መሃል ሩት በቴሌግራም ጻፈችልኝ። አባዬ ቤቱን ሊያይ ነው፣ አንሳው እንጂ የሚል አንድ መስመር። ከፈትኩት፣ አነበብኩት። መልእክት ተከፍቶ ሲነበብ፣ ለላከው ሰው ወዲያው ሁለት ምልክት ይታየዋል፤ ልጆችሽ ያሳዩሻል።

አንቺ በማግስቱ ምን ብለሽ ነገርሽኝ? «እኔ አፌን ሳልከፍት ሩት ቀደመችኝ፤ ያለበት ቦታ ኔትወርክ የለም፣ ጠዋት ነግሮኛል ብላ አባቷን አረጋጋችልህ፣ እንዴት ያለች ልጅ ናት» አልሽኝ። እኔ ጠዋት ምንም አልነገርኳትም። ይህን ስትል ስልኳ እጇ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልጻፈችልኝም፤ እኔም አልደፈርኩም።

አቶ በኃይሉ የማንም ጥፋት አይደለም ብለው ለሚቀጥለው ቅዳሜ ቀጥረዋል አይደል? በዚያ ቀን እንዳትደውዪልኝ። ዓርብ ከሰዓት አባዱላዬን እየነዳሁ መጥቼ ሱቅሽ ፊት አቆመዋለሁ። አንቺና ጋሽ ፊልጶስ ግቡና እዩት፤ መጮህም ከፈለግሽ እዚያው ውስጥ ጩኺብኝ። ቅዳሜ ወግ ባይፈቅድም ወደ አቶ በኃይሉ በር ወስጄው፣ የኋላውን በር ወደ ላይ ከፍቼ፣ በረንዳው ይኼ ነው እላቸዋለሁ። ሊያባርሩኝ ይችላሉ፤ አልፈርድባቸውም። ሩትን ግን ምንም እንዳትጠይቂያት። አባቷ ፊት ሁለተኛ ስለ እኔ እንድትናገር አልፈልግም።

ጌታ ወገብሽን ያጽናልሽ፣ ቤትሽን ይጠብቅልሽ፣ በልጆችሽ ያስደስትሽ፤ በእኔ ያጣሽውን ደስታ በእነሱ ይካስሽ።

ሰው ፊት ያሳፈረሽ ታናሽ ወንድምሽ

ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ደውዪልኝ። በቪዲዮ አድርጊው። አነሳለሁ።