ሃምሳ ደቂቃ የሚፈጀው ኮምፒውተር

ለወንድሜ ለሸዋንግዛው
ሰመራ

እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ወንበር ላይ ተደግፈህ ነው የምታድረው? ትጊ ደኅና ናት? ምንተስኖትና ቤቴል ትምህርታቸውን እንዴት ይዘዋል? የሰመራ ሙቀት ከመጋቢት ጀምሮ እንደሚብስ ሰምቻለሁ፤ በርቱ። እኔ ደኅና ነኝ። እማዬም አለች። አለች ስል ትበላለች፣ ትቆጣለች፣ በግራ ዓይኗ ሰው ትለያለች፤ በቀኙ ግን ከጥላ በቀር አታይም። ስኳሯ ይወጣል፣ ይወርዳል። የላክህላት መለኪያ ወረቀቱ ካለቀ ሰባት ወሩ ነው። መሣሪያውን ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀምጣዋለች፤ እንግዳ ሲመጣ «ልጄ የላከልኝ» እያለች ታሳያለች።

መደወል ትቼ የምጽፍልህ በስልክ ስለምታቋርጠኝ ነው። በጥር ስንነጋገር «ስለ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ብለሽ ነው ከአለቃሽ ጋር የምትጣዪው?» ብለህ ሳቅህ። ትጊም ከኋላህ ስትስቅ ሰምቻታለሁ። አሁን ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው አንብበው።

ኮምፒውተሩ ቢሮአችን የገባው በ2003 ዓ.ም. ነው። ሥራውን ጨርሶ ከጂንካ የወጣ አንድ ድርጅት ጥሎልን ሄደ። ያን ጊዜም አዲስ አልነበረም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አበራዋለሁ፣ ሥራ የሚቀበለው ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ባለጉዳዩ በረንዳ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ከሃና ከተማ በጭነት መኪና ተጭኖ የመጣ አለ፤ ከአሪ ቀበሌዎች በእግሩ የመጣ አለ። አንድ ሽማግሌ በመስኮት አንገቱን አስገብቶ «እቴቴ፣ ይኼ ዕቃ በሬ ቢሆን ኖሮ እስካሁን አርደን በልተነው ነበር» አለኝ። ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ኃላፊያችን አቶ ፍሥሐ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቶ ኖሮ እሱ አልሳቀም።

አቶ ፍሥሐ ኮምፒውተር ማብራት አይችልም፤ ስለ ኮምፒውተር ግን አንድ ሰዓት መናገር ይችላል። በታኅሣሥ ሪፖርት ላይ «ለአገልግሎቱ መጓተት ዋናው ምክንያት የጸሐፊዋ የክህሎት ክፍተት ነው» ብሎ አስጻፈ። ያስጻፈው እኔኑ ነው። ነጠላ ሰረዝ ሳይጎድል ጻፍኩለት። ከዚያ ጠርቶኝ፣ እስከ መጋቢት አጋማሽ ለውጥ ካልታየ ሩቅ ወዳለው ወደ ዱስ ቅርንጫፋችን እንደሚያዛውረኝ ነገረኝ። ዱስ ላይ ያለን ነገር አንድ ክፍል ቤትና አንድ መዝገብ ነው፤ እዚያ ጸሐፊ የሚጽፈው ነገር የለም። በእኔ ወንበር የምትቀመጠው ሰምሃል የምትባል የሚስቱ እህት እንደሆነች ከዘበኛው ጀምሮ ሁሉም ያውቃል።

አንተ የማታውቀውን ልንገርህ። እማዬ መርፌዋን ጠዋት አንድ ሰዓትና ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትወስዳለች፤ የምወጋት እኔ ነኝ። መድኃኒቱ ጎረቤታችን አረጋሽ ቤት ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል። ዱስ ኦሞ ዳር ነው፤ ፍሪጅ የለም፣ ሙቀቱ ደግሞ መድኃኒቱን ያበላሸዋል። ስለዚህ እማዬን ይዣት መሄድ አልችልም። አረጋሽ ቀን ቀን ትጠብቃታለች፣ ምሳ ታቀርብላታለች፤ መርፌ ግን አትነካም፣ እጇ ይንቀጠቀጣል። የተጣላሁት ስለ ኮምፒውተር እንዳልሆነ አሁን ገባህ መሰለኝ።

ያስተካክሉታል የተባሉ ባለሙያዎች በየጊዜው መጥተዋል። በአራት ዓመት ሦስት ናቸው። ሦስቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ያጠፋሉ፣ ያበራሉ፣ ሻይ ያዛሉ፣ «ሜሞሪው ትንሽ ነው» ይላሉ። ከዚያ አንቲቫይረስ የሚባለውን፣ ማሽኑን ከቫይረስ የሚጠብቀውን ፕሮግራም፣ በሲዲ ያመጡና ይጭናሉ፤ የሥራ ማረጋገጫ ወረቀት አስፈርመው ይሄዳሉ። የፊተኛው የጫነውን ግን ያነሣ የለም። ሦስት ዘበኛ በአንድ በር አቁመህ ገቢውን ሁሉ ሦስት ሦስት ጊዜ ሲፈትሹ፣ ሲሰለቻቸው ደግሞ እርስ በርሳቸው ኪስ ለኪስ ሲበራበሩ ይታይህ። የመጨረሻው ኤልያብ ይባላል። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ገባ፣ ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ ወጣ። «እናቴ፣ ይኼ ለእርስዎ ይከብዳል» አለኝ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ የእሱን እናት አላውቃትም።

እኔ ደግሞ ገና ኤልያብ ሳይመጣ ደብተር ገዝቼ ነበር። ጠዋት ጠዋት የእጅ ሰዓቴን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ ማሽኑ በየደቂቃው የሚያሳየውን ጻፍኩ። ሳይንስ አይደለም፤ ወተት እንዳይገነፍል መጠበቅ ማለት ነው። ከባለሙያዎቹ አንዱም አምስት ደቂቃ ቁጭ ብሎ አላየውም።

መጀመሪያ ያየሁት ማሽኑ ጥቁር ስክሪኑ ላይ ነጭ ቁጥር ሲቆጥር ነው። አሥራ አራት ደቂቃ ይፈጃል። ትናንት በትክክል ያልተዘጋ ማሽን በማግሥቱ ራሱን ሲመረምር ነው እንዲህ የሚሆነው። እኔ እየዘጋሁት ነው የምሄደው፤ ታዲያ ማን ነው የሚያቋርጠው? ዘበኛው ኤርጎ ነው። ልክ አሥራ አንድ ተኩል ሲል ገብቶ ግድግዳው ላይ ያለውን ማጥፊያ ይጫናል፤ ማሽኑ ገና መዘጋቱን አልጨረሰም። ስነግረው «እኔ አጥፋ ተባልኩ እንጂ መች ጠብቅ ተባልኩ?» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወንበር ስቦ የማሽኑ መብራት እስክትጠፋ ተቀምጦ ይጠብቃል። ካነጋገርኳቸው ሁሉ የሰማኝ እሱ ብቻ ነው። ሃምሳው ሠላሳ ስድስት ሆነ።

የቀረውን ከደብተሩ አገኘሁት። እስከ መስከረም ድረስ መዘግየቱ ሃያ ደቂቃ ነበር፤ የባሰበት ከመስከረም ወዲህ ነው። በመስከረም ምን ሆነ? ኤልያብ መጥቶ ነበር። አቶ ፍሥሐም ያን ዕለት «የመንግሥት ኮምፒውተር ለምን በፈረንጅ ዘመን ይሠራል?» ብሎ ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር አስቀይሮ ነበር። ኤልያብም እሺ ብሎ 2016 አደረገው፤ ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር ሞላለት። ገበያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ የሚያነሣውን አቤኔዘርን ጠየቅሁት፤ እስኪያነባ ሳቀ። «እቴቴ የሺ» አለኝ፣ «ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መልሳችሁታል። ጠባቂዎቹ ፕሮግራሞች ገና አልተወለዱም፤ ጠዋት ጠዋት ዘመኑ ግራ ገብቷቸው በኢንተርኔት ሊጠይቁ ይሞክራሉ። ኢንተርኔት ደግሞ የላችሁም። ተስፋ እስኪቆርጡ ነው የምትጠብቂው።» መጋቢት ለእኛ ሰባተኛ ወር ስለሆነ ማሽናችን በፈረንጆቹ ሐምሌ ላይ ነበር። ጳጉሜን ቢመጣ ምን ሊያደርጉ እንደነበር አላውቅም።

እንግዲህ ሥራው ቀላል ነው፤ ቀኑን መመለስ፣ ከሦስቱ ፕሮግራም ሁለቱን ማንሣት። ፈቃድ ልጠይቅ ብዬ ንብረት ክፍል አቶ ጸጋአብ ዘንድ ሄድኩ። መዝገቡን ገለጠና ሦስቱም ሲዲዎች በሞዴል 19፣ በዕቃ ገቢ ደረሰኝ፣ ገቢ መሆናቸውን አሳየኝ። «ገቢ የሆነ ነገር ያለ ወጪ ደረሰኝ አይወጣም» አለ። ሲዲው እዚሁ ሣጥንህ ውስጥ ነው፣ እኔ የማነሣው ማሽኑ ውስጥ ያለውን ነው አልኩት። «እሱ ራሱ ነው ንብረቱ» አለ። ወጪ ቁረጥልኝ አልኩት። «ተረካቢው ማነው?» አለኝ። ከማሽን ውስጥ የሚጠፋን ነገር ማን እንደሚረከበው እስቲ አንተ ንገረኝ። ይህ ሰው ሃያ ሁለት ዓመት ደመወዝ በልቷል።

ቅዳሜ መጋቢት 7 ቀን ኤርጎ ከፈተልኝና ሁለቱን አነሣሁ፣ ቀኑን መለስኩ፣ አቧራውን በቀለም ብሩሽ ጠረግሁ። ሰኞ በአራት ደቂቃ ተነሣ። አራት። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ የበረንዳው ሰልፍ አለቀ። ባለጉዳዮቹ ደብዳቤያቸውን ይዘው ግራ እንደተጋቡ ቆሙ፤ «አለቀ? ነገ አንመለስም?» የሚል ነበር።

አቶ ፍሥሐ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ገባ፣ ባዶውን በረንዳ አየ፣ ማሽኑን አየ። ያለው አንድ ነገር ነው፤ «ማን ነካው?» እኔ ነኝ አልኩት፤ ደብተሩንም አሳየሁት። አላነበበውም። ዓይኑ ከስክሪኑ ጥግ ቀኑ ላይ አረፈ፤ «2024? ይሄ የማን ዘመን ነው?» አለ። ደብዳቤው ላይ ያለውን ቀን በእጄ የምጽፈው እኔ ነኝ፣ የማሽኑ ሌላ ነው ብዬ ባስረዳውም አልገባውም። ከሰዓት በኋላ ጸጋአብ ቆጠራ ገባ፤ ሁለት አንቲቫይረስ ጎድሎ ተገኘ። ሐሙስ ስብሰባ ተቀመጡ። ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነኝ። «ጸሐፊዋ ያለ ፈቃድ የመንግሥት ንብረት በማጉደሏና የአገሪቱን የዘመን አቆጣጠር በመለወጧ» ይላል። ቃል አልጨመርኩም፣ ቃል አልቀነስኩም። ክህሎት የላትም ብለው ሊያባርሩኝ ሦስት ወር ፈጀባቸው፤ ክህሎት ስላለኝ ለማባረር ግን አንድ ስብሰባ በቃቸው።

ኤልያብ ዓርብ ተጠርቶ መጣና ሁለቱንም መልሶ ጫነ፤ ቀኑንም ወደ 2016 መለሰ። ጸጋአብ ቆጥሮ ተሟልቷል ብሎ ፈረመ። በነጋታው ቅዳሜ እንድገባ ታዘዝኩ፤ የሚጻፍ አንድ ደብዳቤ አለ ተባለ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አበራሁ፣ ሦስት ሰዓት ከስድስት ላይ ተነሣ። የራሴን የዝውውር ደብዳቤ ጻፍኩ፣ በሦስት ኮፒ አተምኩ፣ አስፈርሜ ለራሴ ሰጠሁ። ከሚያዝያ 7 ጀምሮ ዱስ ነኝ። ለበላይ አቤት ብያለሁ፤ መልሱ ከወር በፊት እንደማይመጣ ነግረውኛል።

ማታ ለእማዬ ነገርኳት። «ዕቃውን አበጅተሽው አልነበረም?» አለች። አበጅቼው ነበር አልኳት። «ታዲያ ለምን ይልኩሻል?» አለች። ስላበጀሁት ነው አልኳት። «ሸዋንግዛው ኮምፒውተር ያውቃል፣ እሱን ጠይቂው» አለች። እኔም እየጠየቅሁህ ነው፤ የምጠይቅህ ግን ስለ ኮምፒውተር አይደለም።

ስድስት ዓመት ሙሉ «ለበዓል እመጣለሁ» ስትል ቆይተሃል። የትኛው በዓል እንደሆነ ጠይቄህ አላውቅም። አሁን በዓል የለም። ከሰመራ ጂንካ የሦስት ቀን መንገድ ነው፤ ሚያዝያ 3 ብትደርስ አራት ቀን አብረን እንሆናለን፣ መርፌ አወጋጉን አሳይሃለሁ። ከባድ አይደለም፤ ሆዷ ላይ ነው፣ ቦታውን በየቀኑ ትቀያይራለህ፣ እሷ ደግሞ ትሰድብሃለች። ሥራህን ትተህ ና አላልኩህም፤ የአንድ ወር ፈቃድ ውሰድ፣ ወይም እሷን ወስደህ ሰመራ በፍሪጅ አጠገብ አኑራት። ሁለቱንም አልችልም ካልክ በዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፈህ ላክልኝ፤ ለእማዬ የማነበው እንዲኖረኝ። በስልክ ብትለኝ እኔ አልነግራትም።

ለትጊ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ መሳቋን አልተቀየምኩም፣ ነገሩን ስለማታውቅ ነው። ምንተስኖትን ጉንጩን ሳምልኝ፤ አያቱ ስሙን ስትጠራ ያንተን ልጅነት ነው የምታስታውሰው። ቤቴልንም አንገቷን ሳምልኝ። እማዬ ሁላችሁንም በስማችሁ እየጠራች ትመርቃለች። አረጋሽ ሰላም በልልኝ ብላለች። ኤርጎ አያውቅህም፣ እሱም ሰላም ብሏል፤ ደብተሩን ለእሱ ትቼለታለሁ፣ ማንበብ እየተማረበት ነው።

እህትህ
የሺሀረግ

ጂንካ፣ መጋቢት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.