ጁምዓ የማያመልጠው ተራራ

ይድረስ ለቀድሞ ፍቅሬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ሳልሽስ እንዴት ሆነልሽ? ኅዳር ላይ አፋር ውስጥ እሳተ ገሞራው ሲፈነዳ፣ አመዱ መሀል ቆመሽ በቴሌቪዥን ስትናገሪ ሰምቼሽ ድምፅሽ አስደንግጦኛል። ቸልተኛ ነሽና ሐኪም ዘንድ እንዳልሄድሽ አውቃለሁ፤ ሂጂ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ጤናዬ ደህና ነው፣ የሮቤም ብርድ ለምዶኛል። ደህና ነኝ ማለት ግን ነውር ሆኖብኛል፤ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ ነው ይህን የምጽፈው።

ስልኬን እንደማታነሺ አውቃለሁ፤ አልፈርድብሽም። ስለዚህ ለሥራ ወደ ሰመራ ለሚመጣው ባልደረባዬ ለጀሊል በወረቀት ሰጠሁት። እስከ መጨረሻው ሳታነቢው ብቻ አትቅደጂው። ከዚያ በኋላ መብትሽ ነው።

ሲናና ውስጥ ሐጂ ከማለዲን የሚባሉ ገበሬ አሉ። የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያውን የተከልኩት እሳቸው ጓሮ ነው፤ ክረምት ላይ፣ አገሩ ሁሉ ጭር ባለበት ሰዓት። አስፋልት ሩቅ፣ ወፍጮ ቤት የለ፣ እንዴት ያለ ጸጥተኛ ቦታ አገኘሁ ብዬ ለሰው ሁሉ ጉራዬን ነዛሁ። ዙሪያው ስንዴ መሆኑን አይቻለሁ። ስንዴ ደግሞ እንደሚታጨድ አላሰብኩም። የስንዴ አገር ባሌ ውስጥ ተቀምጬ! ሐጂና ባለቤታቸው ሙሉካ እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩኝ፤ መሣሪያውን ልፈትሽ በሄድኩ ቁጥር እርጎ ሳልጠጣ አይለቁኝም። ስለ አንቺም አውርቼላቸው ነበር። ምን አለፋሽ፣ ከእኔ ስም ይልቅ የአንቺ ስም ይቀናቸዋል።

አጨዳው በደረሰ ሰሞን፣ ሮቤ ቢሮዬ ሆኜ የማየው የመሣሪያው መስመር ይርገበገብ ጀመር። የመሬት መንቀጥቀጥ ድንገት መትቶ ይበርዳል፤ የቀለጠ ዓለት ከሥር ሲንቀሳቀስ ግን እንደተጣደ ድስት ሰዓታት ሙሉ ይንተከተካል ያልሽኝ አንቺው ነሽ። ይኸው ይንተከተካል። በማግሥቱም፣ በሦስተኛውም ቀን ይንተከተካል። መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት ቢሆን ምናለበት! ደስታ ነው የተሰማኝ። አፋር አብረን እንሂድ ስትዪኝ ሙቀቱን ሰበብ አድርጌ የቀረሁ ሰው፣ የባሌው ተራራ ሳነቴ የሞተ እሳተ ገሞራ ነው እያልኩ ሳስተምር የኖርኩ ሰው፣ ለእኔም አንድ ሕያው ተገኘልኝ ብዬ ፈነጠዝኩ። ይህን ስጽፍ እንኳ ጆሮዬ ድረስ ይግለኛል።

የሥራችንን ደንብ ታውቂዋለሽ። አንድ ሰው ብቻውን አንብቦ ለሕዝብ አያወራም፤ ሁለተኛ ዓይን ሳያየው ወረቀቱ ከክፍል አይወጣም። ሁለተኛው ዓይን አንቺ ነበርሽ። በሌላ ሰው በኩል እንኳ ልልክልሽ እችል ነበር። ኮራሁ። አንቺን ከምለምን ብቻዬን ልክ ብሆን መረጥኩ፤ በባጃጅ እየተንገጫገጭኩ ወደ ሲናና በረርኩ። መንገድ ላይ፣ መንደሩ በተራ የሚከራየው የማጨጃ መኪና፣ ኮምባይነሩ፣ የሰው ማሳ ሲያጭድ አየሁት እኮ! አቧራው እንዳያፍነኝ አፍንጫዬን በነጠላዬ ሸፍኜ በጎኑ አለፍኩ።

ሐጂን ተራራው ምልክት እያሳየ ነው፣ ቤተሰቡን ይዘው ለጥቂት ቀን ይራቁ አልኳቸው። ምራታቸው ነፍሰ ጡር ናት፣ ወሯ ገብቷል። በማግሥቱ ደግሞ የኮምባይነሩ ተራ የእሳቸው ነበር። ጺማቸውን ዳበስ አደረጉና፣ አፋር ያለችው አይታዋለች ወይ፣ እሷ ካለች እንወጣለን አሉኝ። እኔም አዎ፣ አይታዋለች፣ ዛሬውኑ አስወጣቸው ብላኛለች አልኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። ያቺን ቃል ከአፌ ከማውጣት አፈር ብበላ ይሻለኝ ነበር።

በአንቺ ስም ወጡ። ጎረቤቶቻቸው ስቀው ቀሩ። ሐጂ ተራቸውን ለሌላ ለቀው፣ ምራታቸውን ደግፈው፣ ጊኒር እህታቸው ዙህራ ዘንድ ወረዱ።

የመጣው አርብ መዝገቡን ዘርግቼ ተቀመጥኩ፤ ታላቅ ጽሑፍ ልጽፍበት። ቀትር ላይ መስመሩ ቀጥ አለ። ከሶላት መልስ እንደገና ተነሣ። ያለፈውን አርብ ገልጬ አየሁ፤ ያው ነው። ጁምዓ የማያመልጠው ተራራ! መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ መስመሩን ያርገበገበው የኮምባይነሩ ሞተር፣ የሚሰግደውም ሾፌሩ መሆኑ ሲገባኝ፣ ወይ ጉዴ፣ ወንበሩ ላይ እንዳለሁ ላብ አጠመቀኝ። ደፍሬ ለሐጂ እስክደውል ኮምባይነሩ ወደ አጋርፋ ተሻግሯል፣ ያለ ወቅቱ የመጣው ዝናብም ጀምሯል። ያኔም እውነቱን አልተናገርኩም። አደጋው አልፏል፣ ይመለሱ ነው ያልኳቸው።

ተመለሱ። ስንዴው ሳይታጨድ በቆመበት፣ ፍሬው በዝናቡ ዛላው ላይ በቅሎ ጠበቃቸው። ሐጂ ማሳቸውን ዞረው አይተው፣ አልሐምዱሊላህ፣ ነፍሳችን ተርፋለች አሉ፤ እኔንም አቅፈው መረቁኝ። ስመረቅ የተሰማኝን ለጠላቴም አልመኝለት።

ምራታቸው ጊኒር ሴት ልጅ በሰላም ተገላግላ ነበር። ለአቂቃው፣ ለስም ማውጫው ድግስ፣ በግ ታርዶ፣ መንደሩ ተሰብስቦ፣ እኔን ከሽማግሌዎቹ ጎን አስቀመጡኝ። ስም ሊወጣ ሲል ሐጂ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ በደስታ፣ የሚያወጡላትን ስም ነገሩኝ። የአንቺ ስም ነው።

የያዝኩትን ሥጋ መልሼ አስቀመጥኩ። እጃቸውን ይዤ ከቤቱ ኋላ ወሰድኳቸውና ሁሉንም ዘከዘክሁት፤ ኮምባይነሩን፣ አርቡን፣ አንቺ ምንም እንዳላየሽ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? እኔ እስኪጠራ ባልጠብቅ ምን ነበረበት! ሐጂ አልጮሁብኝም። ቢጮሁብኝ በተሻለኝ። ስንዴው የአላህ ነው፣ ሰጠ፣ ነሣ፤ የሰው ስም ግን የሰው ነው አሉኝ። አንተ ሳትጠይቃት ምስክር አደረግካት፤ እኔ ደግሞ ሳልጠይቃት በልጅ ልጄ ላይ ላውጣው? ጠይቃት። ይህን ብለው ገቡና ስሙ ለጊዜው ይቆይ ብለው ለእንግዳው ነገሩ። ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ።

ሙሉካ ግን እንደ ሐጂ አይደሉም። ስወጣ በር ላይ ጠበቁኝ፤ አረንጓዴ ያቆጠቆጠ ዛላ እጄ ላይ አስቀምጠው፣ ይሄን ለልጆቼ ልፍጭ? አሉኝ። መሣሪያህን ከጓሮዬ አንሳ አሉ፤ ሐጂም አልተቃወሙም። አሁን ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ ከአልጋዬ ሥር አለ። ነገ እውነተኛ ምልክት ቢመጣ ማን ይሰማኛል? ከስንዴው ይልቅ እንቅልፍ የሚነሣኝ ይሄ ነው።

ሕፃኗ እስካሁን ስም የላትም። ሙሉካ ኢንታላ፣ ልጅት፣ እያሉ ነው የሚጠሯት፤ አባቷ ደግሞ ካንቺ ስም ሌላ አልፈልግም ብሎ ደርቋል። እምቢ ብትዪ አይቀየሙሽም። እሺ ካልሽም በእኔ በኩል አትላኪው፤ የእኔ አፍ እዚያ ቤት አይታመንም። የሐጂን ቁጥር ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሻለሁ፤ ራስሽ ደውዪላቸው።

ሌላም አለ። ሐጂ ሲያነሱሽ ሁልጊዜ ባለቤትህ ነው የሚሉት። ስንዴውን ነግሬያቸዋለሁ፣ ውሸቴን ነግሬያቸዋለሁ፤ ይሄንን ግን አንድም ቀን አላረምኩም፤ ከቤቱ ኋላም ቆሜ አላረምኩም። ስትደውዪ እንኳን ደህና ደወልሽ፣ የልጃችን ሚስት ማለታቸው አይቀርም። እንዳሻሽ መልሺላቸው።

ከእሳቱ አናት ላይ ስትቆሚ ፈጣሪ ነፋሱን አዙሮ ይያዝልሽ። ደረትሽን ይማርልሽ፣ የምታነቢውን ሁሉ ልክ ያድርግልሽ። እኔ ይቅርታሽን የምለምንበት አፍ የለኝም፤ ለልጅቷ ብቻ መልስ አትንፈጊያት።

በስምሽ የዋሸብሽ፣
የድሮ ሰውሽ
ከሮቤ